እናቲቱ መኪናና ልጂቱ

የቀበሌ ሊቀ መንበርና የአሳ ነጋዴ የነበረው ካሳ፣ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ወደ ሲቀላ በሚወርደው ቁልቁለት፣ ከሁለተኛው መታጠፊያ ሥር ሞቶ ተገኘ። ይነዳት የነበረችው ቀይ የስፖርት መኪና በጎኗ ተጋድማለች፤ የአሳ ቅርጫቱ ምንም ሳይሆን እሾህ ላይ ተንጠልጥሏል። የፍሬኑ ቱቦ በቢላ ተቆርጧል። ረፋዱ ላይ መካኒኩ ታምሩ «አሻጥረኛ» ተብሎ ታሰረ። በማግስቱ ወደ ላይ ይተላለፋል፤ በዚያ በሰባ ሰባት ዓ.ም. ወደ ላይ ተላልፎ የተመለሰ ሰው ሲቀላ አላየችም።

የፖሊስ ሃምሳ አለቃ ጌጤ መኪና መንዳት አትችልም። ስለማትችልም ምንም ነገር ሳትጠይቅ አታልፍም።

«ለምን ገደልከው?» አለችው ታምሩን።

«እኔ? አሮጌዋን አትልቀቅ እያልኩ ስለምነው የከረምኩ ሰው!»

ካሳ ሁለት ወር ሙሉ ከተማውን በምርጫው አሰልችቷል። ሃያ አምስት ዓመት ያገለገለችው የራሱ መኪና ትሻላለች፣ ወይስ አዛውንቱ ወልደሥላሴ ሊሸጡለት ያቀረቡት አዲሱ ሞዴል? ሁለቱም ባለ ሁለት ወንበር፣ ሁለቱም የአንድ ኩባንያ ናቸው። ሰው እናትና ልጅ ይላቸው ነበር።

«እናቲቱ ቀርፋፋ ናት» አለ ታምሩ፤ «ግን ሆዷ ከፍ ያለ ነው፣ የምዕራብ ዓባያን መንገድ ድንጋይ ትችላለች፣ በሽቦም ትጠገናለች። ልጂቱ ትበራለች፤ ለሠርግ እንጂ ለየዕለት አሳ አትሆንም አልኩት። ‹ፈሪ!› ብሎ ሳቀብኝ።»

«ልጂቱን ፈትሸሃታል?»

«ጋሼ ወልደሥላሴ አላስነካም አሉ። ዛሬ ጠዋት ለሙከራ ብለው ለካሳ የሰጡትም ራሳቸው ናቸው።»

የካሳ ሚስት ዘርፈሽ እያለቀሰች ሳቀች። «ቤንዚን በኩፖን ከሆነ ወዲህ ቁልቁለቱን የሚወርደው ሞተር አጥፍቶ ነው። ቁልፉን ነቅሎ ደረት ኪሱ ይከታል። ‹ቁልፉ ኪሴ ካለ ቤንዚኑም ኪሴ አለ› ይላል። ይህን የማያውቅ አለ?»

የለም። ሊቀ መንበሩ ድምፅ ሳያሰማ የሚያልፍበት ቦታ ያ ቁልቁለት ብቻ ነበር።

ጌጤ ወልደሥላሴን ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። «ምስኪን ካሳ! መሪው ቢታዘዝለት ይተርፍ ነበር።»

ጌጤ አመስግና ወደ ቁልቁለቱ ሄደች። ጠጠሩን ጎንበስ ብላ በእርምጃ ለካች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም መኪናዋ አጠገብ ሰበሰበቻቸው። የታምሩ እጆች በካቴና ታስረዋል።

«ጎማዎቹ ጠጠሩን አሥራ ሁለት እርምጃ አርሰውታል» አለች። «ፍሬን የሌለው መኪና እንዲህ አያርስም። የፍሬኑ ዘይትም የፈሰሰው እዚሁ ሥሯ ብቻ ነው፤ መንገዱ ላይ ጠብታ የለም። ቱቦው የተቆረጠው ከወደቀች በኋላ ነው።»

«ታዲያ ምን ገደለው?» አለች ዘርፈሽ።

«መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ የጎማው መስመር ግን ቀጥ ብሎ ገደል ገባ። ቁልፉን ያገኘሁት ደረት ኪሱ ውስጥ ነው።» ቁልፉን ማስነሻው ውስጥ ከትታ አዞረችው፤ መሪው ዞረ። ነቀለችውና መሪውን ገፋ አደረገችው። ቀጭ! አልነቃነቅ አለ። «እናቲቱ ይህ የላትም። ልጂቱ ግን ለሌባ ተብሎ ቁልፏ ሲነቀል መሪዋ ይቆለፋል። ካሳ የእናቲቱን ልማድ ይዞ ልጂቱ ላይ ወጣ።»

«እንግዲያ የራሱ ስሕተት ነዋ» አሉ ወልደሥላሴ።

«ስሕተት ብቻ ከሆነ ቱቦውን ማን ቆረጠው? ከተማው በሙሉ ፍሬን፣ ፍሬን ሲል፣ ስለ መሪ ያነሱልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። መኪናዋንም ከእርስዎ በቀር የሚያውቃት የለም።»

ወልደሥላሴ ወደ ቅርጫቱ ዞሩ። «በሰባ ዓ.ም. ልጄን ከቤቴ አውጥቶ ለገዳዮቹ አሳልፎ የሰጠው ካሳ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ያጠፋው ነገር የለም። እኔ ካሳን አልገፋሁትም። መሪው ይቆለፋል ሳልለው ዝም አልኩ እንጂ።»

«ዝምታው ይሁን። ቢላውስ?»

«መሪው ነው ከተባለ እኔ እያዛለሁ፤ ፍሬኑ ነው ከተባለ ግን መካኒኩ። አንድ ሰው መጠየቁ አይቀርም ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ጌጤ የታምሩን ካቴና ፈታች። «ዕድሜህ ስንት ነው?»

«ሃያ ስድስት» አለ ታምሩ አንጓውን እያሸ። «ከልጃቸው ጋር አንድ ክፍል ነው የተማርነው።»

ወልደሥላሴ ቀና ብለው አላዩትም። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ ካቴናው ገና ከታምሩ እጅ ሙቀት አልበረደም ነበር።