ከጃጁራ የመጣው ጥያቄ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምሄድ ሴት ነበርኩ፣ ማታ ጣሪያ ሲንኳኳ አይጥ ነው ብዬ ተገላብጬ የምተኛ፣ ስለዚህ የምነግራችሁን ስትሰሙ ድሮም ፈሪ ናት እንዳትሉኝ።

ነገሩ የሆነው ሆሳዕና ነው፣ በኢሕአዴግ ጊዜ፣ ወረዳዎች በኔትወርክ መገናኘት ሲጀምሩ። የጤናና የገንዘብ መሥሪያ ቤቶች መረጃ የሚለዋወጡበትን ሰርቨር እንዳቆም እኔ ተመደብኩ። ያኔ የጃጁራ ከተማ ጤና ሠራተኞች አንዲት ሪፖርት ሆሳዕና ለማድረስ በዚያ ጭቃ አይሱዙ ላይ ተጭነው ነበር የሚመጡት፣ የአክስቴ ልጅ ፀሐይነሽ እንደዚያ ስትመጣ መኪናው ተገልብጦ እግሯ ተሰብሯል፣ እመኑኝ፣ ሥራው ለእኔ ከደመወዝ በላይ ነበር።

ሰኞ ለኃላፊዎቹ ላሳይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ገብቼ ስፈትሽ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ስክሪኑ ላይ ከጃጁራ ጥያቄ መጣ፣ መረጃ ላኩልኝ የሚል፣ ማሽን ለማሽን የሚልከው ተራ ጥያቄ። ደስ ብሎኝ እዚያ ላለው ባልደረባዬ ለማርቆስ ደወልኩ።

«ጎበዝ፣ አንተው ገጠምከው ማለት ነው?»

«ምኑን?»

«ኮምፒውተሩን ነዋ።»

«ኧረ እህቴ፣ ነገ መጥቼ እገጥመዋለሁ ብለሽኝ የለ? ካርቶኑም አልተከፈተ፣ ይኸው እግሬን ሰቅዬበት ተቀምጫለሁ።»

ሲቀልድ መሰለኝና ሳቅሁ፣ ወዲያው ሁለተኛ ጥያቄ መጣ፣ ከዚያ ሦስተኛ።

«እስቲ ጆሮህን ካርቶኑ ላይ አድርግ» አልኩት፣ ለምን እንዳልኩት እኔም አላውቅም።

ስልኩን ሲያስቀምጥ ሰማሁ። ሲመለስ ድምፁ ወርዷል። «ውስጡ የሆነ ነገር እየዞረ ነው። የኮምፒውተሩ ማቀዝቀዣ ፋን ይመስላል።»

የኔትወርኩን ኬብል ከሰርቨሩ ነቀልኩት። ቀዳዳው አጠገብ ያለችው አረንጓዴ መብራት መጥፋት ነበረባት፣ እሷ ግን ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ጥያቄውም ይመጣል።

የገንዘብ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ታደሰ ከጎን ቢሮ ነበሩ፣ ሲገቡ ኬብሉን እጄ ላይ፣ መብራቷን ደግሞ ሰርቨሩ ላይ አዩና አማተቡ።

«አጥፊው ልጄ። አልሠራም በይ፣ እኔም እመሰክርልሻለሁ።»

«አላጠፋም።»

«አይታይሽም እንዴ?»

«ይታየኛል ጋሼ። የፀሐይነሽን እግርም አይቻለሁ።»

ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ፣ ኬብሉን መልሼ ሰካሁ፣ የተጠየቀውን ላክሁለት። ጥያቄው ቆመ። ማርቆስም በስልኩ «ካርቶኑ ዝም አለ» አለኝ።

በማግስቱ ጃጁራ ሄጄ ካርቶኑን ራሴ ቀደድኩት፣ ኮምፒውተሩ ከነላስቲኩ ነው፣ ቀዝቃዛ፣ ማንም ያልነካው። ገጠምኩት። ሰኞ ሁሉም ነገር ሠራ፣ አቶ ታደሰ መረከቢያው ላይ ፈረሙ፣ ከዚያ ወዲህ ከጃጁራ ሪፖርት ይዞ አይሱዙ ላይ የወጣ ሰው የለም።

ብቻ፣ ከጃጁራ የሚመጣ ጥያቄ ሁሉ ሁለት ጊዜ ነበር የሚደርሰኝ። ማርቆስ አንዱን ብቻ ነው የሚልከው፣ አጣርቻለሁ፣ ሰርቨሩንም አጽድቼ እንደ አዲስ ጭኜዋለሁ። ሌላው ሁልጊዜ ትንሽ ቀድሞ ይመጣል፣ ማርቆስ «አሁን ልልክልሽ ነው» ብሎ ሲደውል ስክሪኔ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ዝጊው ያላለኝ ሰው የለም፣ አልዘጋሁም፣ ለሁለቱም እመልስ ነበር።

አንድ ቀን ማርቆስ ታሞ ዳምቦያ እናቱ ቤት ተኛ፣ የጃጁራው ቢሮ ተቆልፎ ዋለ፣ ቁልፉም እሱ ኪስ ውስጥ ነው። ያን ቀን አንድ ጥያቄ ብቻ መጣ።

መለስኩለት።