ደም በዛላት

ጎርፉ በቅሎዋን እስከ ሆዷ ሲውጣት፣ ለሜሳ ልጓሙን በጥርሱ ነክሶ፣ ኮርቻው ላይ ያለችውን ሚስቱን ገዲሴን በሁለት እጁ ደግፎ ወንዙን ሰንጥቆ ገባ። ከፉሪ ሲነሱ ዝናብ አልነበረም፤ የሐምሌ ሰማይ ግን ማንንም አያስፈቅድም። ገዲሴ ስምንት ወሯን ገፍታለች። ከትናንት ጀምሮ ራሷን ይፈልጣታል፤ ፊቷ አብጧል፤ ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል። ጎረቤት «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ አሽቶላት ነበር፤ አልበጃትም።

ለሜሳን ግራ ያጋባው ሌላ ነው። አምና «ደም ማነስ አለባት» ተብላ ፅንሱ ወረደባት። ባለፈው ሳምንት ግን ጤና ረዳቷ ትሩፋት ክንዷን በመሣሪያ ለክታ «ደም ብዛት አለባት፤ ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዳት» አለችው። መጠየቅ ሞቱ ነው፤ ሁሉን አውቃለሁ ባይ። ያነሰው ደም ከሞላ ሐኪም ቤት ምን ያደርጋል ሲል፣ «ደም በዛላት» ብሎ ለመንደሩ አበሰረ፤ ሙክትም አረደ። ታዲያ ደም የሞላላት ሴት ለምን ትታመማለች?

ወንዙን እንደ ተሻገሩ፣ ከማለዳው ጉም ውስጥ፣ ጅብ ድንገት ብቅ አለ። በቅሎዋ ደነበረች። ለሜሳ ገዲሴን ለቀም አድርጎ አወረዳትና ጅቡን በዱላ አባረረው፤ በቅሎዋ ግን እንደ ደነበረች ጠፋች። ሚስቱን አቅፎ ጭቃውን ተያያዘው።

«ለሜሳ፣ ሁለት ሆነህ ትታየኛለህ» አለችው።

እርምጃውን አፈጠነ።

ነፋስ ስልክ መግቢያ ላይ ወጋየሁ የሚባል አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ደቅኖ አስቆማቸው።

«ገበሬው ሁሉ ስብሰባ ላይ ነው። አንተ ወዴት ነህ?»

«ሐኪም ቤት። ሚስቴ ታማለች።»

«ምኗን?»

«እኔ እንጃ። ደም በዝቶላት ነበር።»

ወጋየሁ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። «በዝቶላት? በዝቶባት በል እንጂ ወንድሜ። እህቴን የቀበርናት በሱ ነው። አንቀጥቅጦ ገደላት።»

ለሜሳ ያ ሙክት ትዝ ብሎት አፈረ፤ ከእፍረቱ ግን ፍርሃቱ ባሰ። ወጋየሁ ጠመንጃውን አንግቶ ለሜሳ የዘረጋውን ጋቢ አንድ ጫፍ ያዘ፤ ጋቢውን እንደ ቃሬዛ አድርገው ገዲሴን ተሸክመዋት ሮጡ። ሐኪም ቤቱ በር ላይ መንቀጥቀጥ ጀመራት። ነርሶቹ ተቀብለዋት ገቡ።

ለሜሳ እርጥብ ልብሱን እንደ ለበሰ ደጅ ቆሞ ዋለ። ከቀትር በኋላ ነርሷ ጸሐይወርቅ ወጣች።

«ልጁ ተወልዷል፤ ትንሽ ነው፣ ግን ይተነፍሳል። የእናትየውም ደም ወርዷል።»

ለሜሳ እንደ ልማዱ ገብቶኛል ብሎ ራሱን ሊነቀንቅ ቃጣውና ተወው።

«ሲስተር» አላት እየተንተባተበ፣ «ወርዶላት ነው ወይስ ወርዶባት? እኔ አላውቅም፤ ንገሪኝ።»