እሺ ካልተባልን አንቀመጥም

ርግበ ያን እሑድ ከማለዳ ጀምራ ቤቱን ስታሰናዳ የዋለችው በግራ እጇ ብቻ ነው። ቀኙ ገና በፋሻ እንደተጠቀለለ ነው፤ ሁለት ጣት ጎድሎታል። አባቷ ኣቦይ ዘርዓይ «ጎረቤት እንጥራልሽ» ቢሏት አሻፈረኝ አለች።

«ሽማግሌ የሚመጣው ለኔ አይደል? እኔው ነኝ የማስተናግደው።»

ይመጣሉ የተባሉት የተመልሶ ሽማግሌዎች ነበሩ። ተመልሶ እሷ በምትሠራበት የክር ፋብሪካ መካኒክ ነው። ከአደጋው በፊት ሰላምታ እንኳ በቅጡ አይለዋወጡም ነበር። የማሽኑ ጥርስ እጇን የያዘ ዕለት ግን ሞተሩን አጥፍቶ እጇን ያላቀቀ፣ ሸሚዙን ቀድዶ የጠቀለለ፣ ታቅፎ ሆስፒታል ያደረሳት እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ሲወጣ ዓኽርያ ሰፈር ባለው ቤታቸው ደጃፍ ብቅ ማለት ጀመረ። መጀመሪያ ቁስሏን ሊጠይቅ ነበር። ኋላማ ቁስሉ ሰበብ ሆነ!

ፋብሪካው «ጥፋቱ የራሷ ነው፤ የማሽኑን ክዳን ያነሳችው እሷ ናት» ብሎ ሲያባርራት፣ ካሳ የሚባል ነገር እንዳለ የነገራትም እሱው ነው።

«ምጽዋት እየለመንሽ አይደለም፣ ርግበ። በሥራ ላይ ለተጎዳ ሰው ሕግ አለለት። ክዳኑን ደግሞ...» ዐይኑን ሰበረ። «ክዳኑን የፈታሁት እኔ ነኝ። አለቃችን ካፖው ሥራ ያጓትታል ብሎ አዘዘኝ።»

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ለዳኞቹም እናገራለሁ።»

በሩን በላዩ ላይ ዘጋችው። ስንት ቀን አኮረፈችው! እሱ ግን በማግስቱም፣ በሠልስቱም ደጃፉ ላይ ቆመ። አንድ ምሽት ዝናብ ሲወርድበት አይታ ጨከንኩ ያለው ልቧ እምቢ አላት፤ ከፈተችለት።

ርግበ ፋብሪካውን ከሰሰች። ፌዴሬሽኑ ከፈረሰ ወዲህ ግን የፍርድ ቤት ክርክር ሁሉ በትግርኛ መሆኑ ቀርቶ በአማርኛ ሆኗል። የተመልሶ አማርኛ ደግሞ አያድርስ ነው! ስለዚህ ትምህርት ቤት የገባችው ርግበ ምስክርነቱን ታስጠናው ጀመር። «ካፖው አዘዘኝ፣ እኔ ፈታሁት» ለማለት ምላሱ ይተሳሰርና በሳቅ ይገድላታል። «እወድሻለሁ»ን ግን ማንም ሳያስጠናው ነው ጥርት አድርጎ ያላት።

ኣቦይ ዘርዓይም ልጁን ወደውታል። «ሥራ ያለው ልጅ ነው» ይላሉ ደጋግመው። ሥራ ለሌለው ሰው ልጃቸውን እንደማይሰጡ ርግበ ታውቃለች።

ከቀትር በኋላ በሩ ተንኳኳ። ነጠላቸውን የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ገብተው እንደ አገሩ ወግ ቆሙ።

«ለመጣንበት ጉዳይ እሺ ካልተባልን አንቀመጥም» አሉ ትልቁ፣ ኣቦይ ኣርኣያ።

ሌላ አባት ቢሆን ሁለት ሦስት ጊዜ ባመላለሳቸው! ኣቦይ ዘርዓይ ግን የልጃቸውን ልብ ያውቃሉ፤ ደስታው አላስችል አላቸው። የተመልሶን ዘመዶች በመልክ አያውቁም፤ ማን ላካችሁ ብለውም አልጠየቁም።

«እሺ ብያለሁ! ተቀመጡ እንጂ!»

ተቀመጡ።

«እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉ ኣቦይ ኣርኣያ። «የላከን የፋብሪካው ጌታ ነው። ልጅዎ ነገ የሚሰማውን ክስ ትተወው፤ እሱም እንደ አባት ያስብላታል።»

ወይ ጉድ! የኣቦይ ዘርዓይ ፊት አመድ መሰለ። ርግበ የሻሂውን ዝርግ ትሪ በግራ እጇ ይዛ ከጓዳ ወጣች።

«ሻሂ ይጠጡ፣ ኣቦይ። ክሱን ግን አልተውም።»

«ልጄ፣ አባትሽ እኮ በሽማግሌ ፊት እሺ ብሏል።»

«እሺ ያለው ለሌላ ሰው መስሎት ነው።»

«መካኒኩን ማለትሽ ነው? እሱ ነገ ቢመሰክር ማታውኑ ከሥራ ይባረራል። ባል ይሻልሻል ወይስ ክርክር?»

ርግበ ትሪውን አስቀመጠች። አንድ ቃል ብትናገር፣ ትቻለሁ ብትል፣ ተመልሶ ሥራው ላይ ይቆያል፤ የሷም ይሆናል። ፋሻዋን አየችው።

«ይህ እጅ አላጠፋም!» አለች። «አጥፍቻለሁ ብዬ ዝም ብል ነገ እዚያ ማሽን ላይ የሌላዋ እጅ ይቆረጣል። እኔ ዝም አልልም!»

በሩ ተከፈተ። ተመልሶ ነው፤ አባቱና ሁለት አጎቶቹ ተከትለውታል።

«ጠያቂው ራሱ ከሽማግሌ ጋር ይመጣል እንዴ? ምን ዓይነት ነውር ነው!» አሉ ኣቦይ ኣርኣያ።

«ነውር ነው፤ ግን መጣሁ» አለ ተመልሶ። ወደ ኣቦይ ዘርዓይ ዞረና ትግርኛውን ትቶ በአማርኛ፣ አንዲት ቃል ሳይስት ተናገረ። «ካፖው አዘዘኝ፣ እኔ ፈታሁት። ነገ የምለው ይህን ነው። ነገ ማታ ሥራ አይኖረኝም። ይህን አውቀው ይስጡኝ፤ ካልሆነም ይከልክሉኝ።»

አባቱና አጎቶቹ ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ናቸው። «እሺ ካልተባልን አንቀመጥም» አሉ።



«እኔ የዛሬ እሺዬን አባክኛለሁ» አሉ ኣቦይ ዘርዓይ። «ለፋብሪካው ሽማግሌዎች የሰጠሁት የራሴን እሺ ነው፤ የተቆረጡት ጣቶች ግን የኔ አይደሉም። የክሱንም የልጁንም ነገር እሷን ጠይቋት።»

ኣቦይ ኣርኣያ ሻሂውን ሳይቀምሱ ተነሡ። አብረዋቸው የመጡት ሁለቱም ተከትለዋቸው ወጡ።

ርግበ ተመልሶን አየችው። ያን በዝናብ የቆመበትን ዓይነት አቋም ነው የቆመው።

«ሥራ ባታገኝስ?»

«አብረን እንፈልጋለን።»

እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። በፋሻ የተጠቀለለ ቀኝ እጇን ዘርግታ ባዶውን አግዳሚ ለሽማግሌዎቹ አሳየቻቸው።

«ተቀመጡ» አለች።