ሲመለስ የሚከብድ ጀልባ

ይህን ስታነቡ «ፈጠራ ነው» የሚል አይጠፋም። ይበል። የሆነው ግን በእናቴ ወንድም ላይ ነው፤ መጨረሻውን ደግሞ በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ።

ጊዜው ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ... ቦታው ሐይቅ መሃል... ፀሐይዋ ቁልጭ ብላ እያለች። በጨለማ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

አጎቴ ጀልበኛ ነው። ከሐይቁ ማዶ ላለው የድንጋይ ካባ ሠራተኞች የመጠጥ ውሃና አስቤዛ ጭኖ ይሄዳል፤ ባዶውን ይመለሳል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እቤት ውስጥ «እንዴት ዋልክ» የሚለው እንኳ የለም። እናቴ «ከእኛ ጋር ኑር» ስትለው እሺም እምቢም አይልም። ሞተሯን ግን ያናግራታል። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ደረስን» እያለ።

አንድ ሰሞን ቤንዚን መንገድ ላይ ያልቅበት ጀመር። ሁልጊዜ ሲመለስ።

ቱቦውን ፈተሸ... አያፈስም። ታንኩን አየ... ደህና ነው።

ግራ ሲገባው መለዋወጫ ሱቅ ሄደ። ባለሱቋ ቀልደኛ ሴት ናት።

«ጋሼ፣ የፍሰት ጌጅ ግጠምላት። ስትሄድ ስንት ቤንዚን እንደምትጠጣ እዚያው ያሳይሃል። ሰካራም ከሆነች እጅ ከፍንጅ ትይዛታለህ።»

ሁለት ዓይነት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አንዱ ቁጥር የሚያሳይ ስክሪን አለው፤ ሌላው መርፌ።

«የቱ ይሻለኛል?»

«ስክሪኑ ያምራል፤ ግን ፀሐይ ሲያርፍበት አይነበብም። ባለመርፌው ለትንሽ ሞተር የተሠራ ነው። የትልቅ ሞተር ጌጅ ብሰጥህ ያንተዋን ጠብታ ከቁብም አይቆጥራት።»

ባለመርፌውን መረጠ። ከታንኩ የሚመጣው ቱቦ መሃል ላይ ገጠመው።

በማግስቱ ጭኖ ሄደ። መርፌው ትንሽ መጠጣቷን የሚያሳየው አረንጓዴው ላይ። ያን ሁሉ ጭነት ይዞ!

አራግፎ ባዶ ጀልባውን ይዞ ሲመለስ... መርፌው ቀስ እያለ ወጣ... ወጣ... ቀዩ ላይ ቆመ።

ፍጥነቱ ያው ነው። ነፋስ የለም። ማዕበል የለም።

ያኔ ቀና ብሎ አየ። የጀልባው ፊት ወደ ታች ዘንበል ብሏል... ሰው እንደተቀመጠበት።

ወደ ሱቁ ተመለሰ። «ጌጅሽ አብዷል።»

ባለሱቋ ሳቀች። ስክሪን ያለውንም በውሰት ሰጠችው። «አከታትለህ ግጠማቸው። ሁለቱም አንድ ላይ አያብዱም።»

ገጠማቸው። ስክሪኑን በኮፍያው ከልሎ አነበበ። ሁለቱም አንድ ቃል ሆኑ። ሲሄድ ትንሽ... ሲመለስ ብዙ።

ይህን ሲነግራት አልሳቀችም። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ... ስትመለስ ማንን ትጭናለህ?»

«ማንንም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ኧረ ተይኝ! ማንን ልጫን?»

«እንግዲህ እኔ የማውቀው ጌጅ ነው... ጀልባህ ግን ጭኗል።»

በሚቀጥለው ጉዞ ካባው ጋ አራግፎ ገመዱን ሊፈታ ሲል፣ የካባው ዘበኛ ክንዱን ያዘው።

«ቀስ በል እንጂ። እስኪቀመጡ ጠብቅ።»

«እነማን?»

ዘበኛው አየው። ከዚያ ጀልባውን አየ።

«አንተ ደግሞ ቀልድ ትወዳለህ» ብሎት ሄደ።

አጎቴ ገመዱን ፈታ። ምን ያድርግ? ቤቱ በዚያኛው ዳር ነው።

ሐይቁ መሃል ሲደርስ ሞተሩን አጠፋ።

ጭጭ...

«ማን ነው?» አለ በሹክሹክታ።

 የጀልባው ፊት ብቻ ትንሽ ተወዛወዘ። ወሬ ሲሰማ ዞር ብሎ እንደሚቀመጥ ሰው።

ዘሎ ውሃው ውስጥ ሊገባ ዳድቶት ነበር። ያስቀረው ሌላ ነገር ነው። ያን ሐይቅ ስንት ዓመት ብቻውን እንደተመላለሰበት ትዝ አለው። ቤቱ ደርሶ የሚከፍተው በር ትዝ አለው።

«የምትሄዱበት ከሌላችሁ...» አለ። «...እኔም ቤት ሰው የለም።»

ሞተሩን አስነሳ።

መርፌው ወደ አረንጓዴው ተመለሰ። ጭንቅ የለቀቀው ሰው ቅልል እንደሚለው።

የጀልባው ፊት ግን እንዳዘነበለ ነው።

ይህን ሁሉ የነገረኝ በስልክ ነው። ድምፁ ውስጥ ፍርሃት አልነበረም፤ ደስታ ነበር እንጂ። እናቴ ስትሰማ «ወንድሜን ብቸኝነት አናወዘው፤ ሂድና አምጣልኝ» አለችኝ።

ሄድኩ። ሐይቁ ዳር ጠብቄ አገኘሁት። ፊቱ ፈክቷል። «እናቴ ይዘኸው ና ብላኛለች» ስለው ከት ብሎ ሳቀ።

«እንግዳ ጥዬ?»

ቤቱ አንድ ክፍል ናት። ቁልፉን ከፈተ... አልገባም። በሩን ይዞ ወደ ጎን ቆመ።

«ግቡ... ግቡ...»

እኔን መስሎኝ ልራመድ ስል በእጁ አገደኝ።

«ግቡ...»

በባዶው ፊት ጎንበስ ይል ነበር። አንዴ... ደግሞ... ደግሞ። ዓይኑ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። አንዴ እጁን ወደ ጉልበቱ አውርዶ የሆነ ነገር ዳበሰ... የሕፃን ራስ እንደሚዳበስ።

በትከሻው በኩል አጮልቄ አየሁ። አልጋ። ጠረጴዛ። አንድ ወንበር። ሌላ ምንም የለም።

በመጨረሻ እሱ ገባ። ዞሮ አየኝ፤ ከልቡ አዝኖልኝ።

«ይቅርታ የእህቴ ልጅ... ቦታ የለም።»

በሩን ዘጋው።

ወዲያው ከውስጥ ሲቀረቀር ሰማሁ... ቀና ስል ግን አጎቴ ከበሩ ርቆ፣ መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ ሁለት እጁን እያውለበለበ ይሰናበተኝ ነበር።