ማሽኑ ሲያርፍ የሚንኳኳው

በንፋስ ስልክ፣ ፋብሪካዎቹ ከተደረደሩበት መንገድ ገባ ብሎ፣ የመንግሥት የሥጋ ማቀዝቀዣ መጋዘን ነበር። ላፍቶ ገና የጤፍ ማሳ በነበረበት በዚያ በደርግ ዘመን፣ የመጋዘኑ ሠራተኛ ሁሉ አንድ ነገር ይፈራ ነበር፤ ዝምታን። ብርዱን ለምደውታል። የማራገቢያዎቹን ጩኸትም እንደ ጎረቤት ልጆች ጫጫታ ረስተውታል። ጩኸቱ ቆም ሲል ግን ሥጋ ተሸካሚው ሸክሙን እንደያዘ ክው ይላል፣ ከዚያም በሩን ፍለጋ ይጣደፋል። በዝምታው ውስጥ አንድ ነገር ይንኳኳላ። ኳ... ኳ... ኳ። እዚያው መጋዘን የሞተው ሠራተኛ ተካ በረዶ ሲፈነቅል መሮው ያሰማ የነበረው ድምፅ ነው።

የመጋዘኑ ኤሌክትሪሺያን አስረስ ከሌላው ሰው ይበልጥ ይሰማዋል። ቤቱ ድረስ ይከተለዋል። ሚስቱ ብርነሽ ሽንኩርት ስትከትፍ "እባክሽ ተይው" ብሎ ውጭ የሚወጣው ወድዶ አልነበረም። እሱ የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክፍሉን የሚያቀዘቅዙት ቱቦዎች ከአየሩ እርጥበት የተነሣ በረዶ ይለብሳሉ። በረዶው ከወፈረ ቅዝቃዜው አልፎ አይወጣም። ስለዚህ በመቆጣጠሪያው ሳጥን ውስጥ ታይመር የሚሉት ትንሽ ሰዓት አለ። ይህ ሰዓት በየጊዜው ማራገቢያዎቹን ያቆምና በቱቦዎቹ ውስጥ ትኩስ ጋዝ እንዲሄድ ያደርጋል። በረዶው ይቀልጣል፣ ውሃው ይፈስሳል፣ ማሽኑም መልሶ ይነሣል። በሬም ቢሆን ትልም ጨርሶ ሲዞር ቆም ብሎ ይተነፍሳል፤ ያን ትንፋሽ የነፈገው ገበሬ በሬውን ያጣል።

ያኔ ግን መቆም ወንጀል ነበር። የምርት ዘመቻ ታውጇል፤ በየግድግዳው መፈክር ተለጥፏል። አንድ ቀን ሊጎበኝ የመጣ ካድሬ ማራገቢያዎቹ ቆመው አገኘና ይህ አሻጥር እንዳይሆን ሲል ጠየቀ። የፈረቃው አለቃ ግዛው ስለ በረዶው ሊያስረዳ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። የልጆች አባት ነው፤ በአሻጥር የተጠረጠረ ሰው ወዴት እንደሚወሰድም ያውቃል። ካድሬው ሲሄድ አስረስን ጠርቶ ማሽኑ ከእንግዲህ እንዳይቆም አዘዘው። አስረስም አልተከራከረም። ታይመሩ ማሽኑን እንዳያቆመው አንድ ቁራጭ ሽቦ አሰረበት። ጣት እንኳ የማታህል ሽቦ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ማሽኑ ያለ ዕረፍት ጮኸ። ግዛው በስብሰባ ላይ ተመሰገነ። በረዶው ግን ምስጋናውን አልሰማም፤ እየወፈረ ሄደ፣ ሥጋውም ማላብ ጀመረ። መላ የጠፋ ዕለት ተካ መሮና መዶሻ ይዞ ይፈንቅለው ተባለ። ተካ ትከሻው የሰፋ፣ ጨዋታ የማያልቅበት የላፍቶ ሰው ነበር። ማሽኑን ጀግና አድርጋችሁ እኔን ድንጋይ ፈላጭ አደረጋችሁኝ እያለ ያስቃቸው ነበር። አንድ ማለዳ መሮው በረዶውን አልፎ ቱቦውን በሳው። በቱቦው የሚሄደው መርዛማ ጋዝ፣ አሞኒያው፣ ፊቱ ላይ ፈነዳ። በሩ ጋ ደርሶ ነበር፤ ያገኙት እጁ እጀታው ላይ እንዳለ ነው። ሀና ማርያም ቀበሩት። ሰዉ ሁሉ ቀኑ ደርሶ ነው አለ። ግዛውም እንዲሁ አለ። አስረስም እንደ ሰዉ አለ፤ ቱቦው ተጠግኖ ማሽኑ ሲነሣ ግን ማንም ሳያየው ሽቦውን ፈትቶ ኪሱ ከተተ።

ማንኳኳቱ የተሰማው ከዚያ ወዲህ ነው።

ጠበል ተረጨ፣ አልተወም። በመጨረሻ ተሸካሚዎቹ ተመካክረው ቸኮል የሚባለውን ጓደኛቸውን ወደ ግዛው ላኩ። ዝምታ ከሌለ ማንኳኳትም አይኖርምና ማሽኑ እንደ በፊቱ ሳያርፍ ይሂድልን አሉ። በረዶውን ቸኮል ራሱ ሊፈነቅል ፈቀደ፤ የሞተ ሰው ከመስማት መሮ መያዝ ይሻለኛል አለ። ግዛው ዐይኑን ከአስረስ ላይ አሽሽቶ እሰርላቸው አለው።

አስረስ የሳጥኑን ክዳን ከፍቶ ሽቦውን ከኪሱ አወጣ። ቸኮልን ተመለከተው። እሱም እንደ ተካ ትከሻው ሰፊ ነው። በዚያው ቅጽበት ታይመሩ ቀጭ አለና ማራገቢያዎቹ ቆሙ። ሰዎቹ ወደ ውጭ ተጣደፉ።

አንዲት ሴት ግን አልወጣችም። የተካ ሚስት አማከለች ናት፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ለጽዳት የተቀጠረች። መወልወያዋን እንደያዘች የቀዝቃዛው ክፍል በር ላይ ጆሮዋን አስጠግታ ቆማለች። ማሽኑ ባረፈ ቁጥር ከዚህ በር የማትጠፋው ለምን እንደሆነ አስረስ አሁን ገባው። ባሏን ልትሰማ ነው የምትመጣው።

"አማከለች፣ እህቴ፣" አላት፣ "ተካ አይደለም። በረዶው ከቱቦው ሲላቀቅ፣ ብረቱም ሲሞቅ የሚያሰማው ነው። ተካ በሕይወት ሳለም ይንኳኳ ነበር፤ ያኔ ጆሮ የሰጠው አልነበረም እንጂ።"

ቀና ብላ አየችው።

"በረዶው እንዲህ በራሱ የሚላቀቅ ከሆነ፣ ባሌን ለምን መሮ አስያዛችሁት?"

ሸሽተው የነበሩት ሰዎች ከደጅ ሆነው ይሰማሉ። አስረስ መዳፉን ዘርግቶ ሽቦዋን አሳያት፤ ሽቦዋ ማሽኑን ዕረፍት እንደነሣችው፣ ያሰራትም የእሱ እጅ እንደሆነ ነገራት። ማን እንዳዘዘው ግን አልተናገረም። ግዛው ራሱ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ፈርቼ ነው አለ።

አማከለች ሽቦዋን ተቀብላ አገላብጣ አየቻት።

"እኔኮ እሱ መስሎኝ ነበር፣" አለች። "ልጃችን እንደታመመ እንኳ እዚሁ በር ላይ ቆሜ ነግሬዋለሁ።"

አለቀሰች። ዕንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ቸኮል ዞረች።

"አንተ፣ ሚስት አለችህ?"

"አለችኝ።"

"እንግዲያው ይንኳኳ። እሷም መጥታ እዚህ በር ላይ እንዳትቆም።"

ወገኖቼ፣ ቀን ደረሰ የምንለው ስንቱ ሞት በገዛ እጃችን የታሰረ ሽቦ ይሆን? አለቃን ፈርተን፣ ጭብጨባ ወድደን፣ ለጥንቃቄ የተሠራውን ነገር እንደ እንቅፋት ከመንገዳችን እናነሣለን። ኋላም የሞተው ሰው ያስፈራናል፤ ሊያስፈራን የሚገባው ግን ከመሞቱ በፊት ዝም ያልነው እኛ ነበርን።

ካድሬው ዳግም ሲመጣ ማራገቢያዎቹ ቆመው ነበር። ግዛው የክፍሉን በር ከፈተለት።

"ጓድ፣ ማሽኑ ሥራ ላይ ነው፤ በረዶውን እያራገፈ ነው፣" አለው። "ትንሽ ቆም ብለው ያዳምጡ።"

ኳ... ኳ... ኳ። አማከለች ከኋላቸው ወለሉን ትወለውል ነበር፤ ቀና አላለችም።