ልብስ የማይጠልፍ ሽጉጥ

ይገዙን የገደለችው ሽጉጥ ከሰው መዳፍ አትበልጥም። እሁድ ጠዋት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ፓርኪንግ፣ የገዛ መኪናው መሪ ፊት እንደተቀመጠ ቀኝ ጆሮ ግንዱን ተመትቶ ተገኘ። ነጠላው ከትከሻው አልወረደም። ሽጉጧ ጭኑ ላይ በወደቀው ቀኝ እጁ ውስጥ ነበረች። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ገና ይቀደሳል።

የፖሊስ መርማሪዋ ፀደንያ ቢራቱ ጎንበስ ብላ ሽጉጧን አየችና ፊቷን አጨማደደች። ከሃያ ዓመት በላይ ታጥቃ የኖረች ሴት ናት፤ እንዲህ ያለችውን ግን ትጸየፋለች። ትልቁ መሣሪያ ቢያንስ ራሱን አይደብቅም። ይህቺ ከመሐረብና ከሞባይል ጎን ኪስ ውስጥ እንድትተኛ፣ ባለቤቷ ሲስቅና ሰው ሲጨብጥ እዚያው አድፍጣ እንድትቆይ ተደርጋ የተሠራች ናት። ይባስ ብሎ እንደ ጌጥ ታብለጨልጫለች። ያስጠላል።

ፀደንያ ግን ቢያስጠላትም ዓይኗን አታነሣም። ሽጉጧ ሪቮልቨር ናት፤ ሪቮልቨር ደግሞ ከፊት ብቻ አይተፋም፤ ጥይቶቹን የያዘው ተሽከርካሪ ከአፈሙዙ ጋር በሚገናኝበት ክፍተት በኩልም ግራና ቀኝ እሳትና ጥላሸት ይረጫል። የሟቹ ነጭ እጅጌ ላይ ግን አንዲት የጥላሸት ነጥብ የለችም። ሌባ ጣቱም ቃታው ላይ አላረፈም፤ ቀጥ ብሎ ከሽጉጧ ጎን ተጋድሟል። በዚያ ክፍተት ውስጥ ደግሞ ጫፉ ያረረ ወፍራም ነጭ ክር ተሰክቷል። የይገዙን ነጠላ ከዳር እስከ ዳር ተመለከተችው። ስስ ነው፤ ቀዳዳም ቃጠሎም የለበትም።

አስከሬኑን ያገኘው የልጅነት ጓደኛው ኃይለልዑል ነው። ከአሌክሳንድሪያ በአንድ መኪና አብረው መጥተዋል።

«‹ስልክ ደውዬ እመጣለሁ፣ አንተ ግባ› አለኝ» አለ ኃይለልዑል፣ በጥቁር ጃኬቱ እጅጌ እንባውን እየጠረገ። «ሲቆይብኝ ወጣሁ። ምነው ጥዬው ባልገባሁ!»

«ሰሞኑን እንዴት ነበሩ?»

«ጨንቆት ነበር። ለሰው አይናገርም እንጂ በጣም ጨንቆት ነበር።»

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ፀደንያ አሌክሳንድሪያ፣ ሟቹ ቤት ሄደች። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ ለቅሶ ግን አይመስልም። ራሱን አጠፋ ለተባለ ሰው ጮኾ የሚያለቅስ የለም። እንግዳው በየሶፋው ተደርድሮ በሹክሹክታ ያወራል፣ የታሸገ ውኃውን ይጠጣል፣ ባለቤቲቱ ስታልፍ ዓይኑን ይሰብራል። የነፍስ አባትየው ቀሲስ ባርናባስ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል፤ መጽሐፋቸው ጉልበታቸው ላይ እንደተዘጋ ነው።

የሟቹ ባለቤት ይርጋለም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። መርማሪዋን መኝታ ቤት አስገብታ በሩን ዘጋች።

«ነገ ይቀበራል» አለች። «ራሱን ከገደለ ፍትሐት የለውም። ቀሲስ ራሳቸው እያለቀሱ ነው የነገሩኝ። ዕድሜውን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን የሳመ ሰው፣ ሳይጸለይለት አፈር ሊለብስ ነው። አንቺ የአገሬ ልጅ ነሽ። ባሌ ይህን አድርጓል?»

«አላውቅም፣ እትዬ ይርጋለም። ከቀብሩ በፊት ግን አውቃለሁ።»

ይህን ካለች በኋላ ነው ቃሏ የከበዳት።

በረንዳው ላይ የይርጋለም ወንድም ብሥራት ሲጋራ ያጨሳል። ሄርንደን ነው የሚኖረው፤ ኤርፖርት ይሠራል፤ ሽጉጥ ይሰበስባል። ፕሮቴስታንት ከሆነ ወዲህ ከይገዙ ጋር በሃይማኖት ተጣልተው እንደነበር ለፀደንያ ሹክ ያላት ሰው አልጠፋም። ሽጉጧ ስትገዛ አብሮ ነበር፤ ጥይቱንም ያጎረሰላቸው እሱ ነው።

«ለምን ሽጉጥ አስፈለጋቸው?»

«የሚሠሩበት ጋራዥ ሁለቴ ተዘረፈ። ጋሽ ኃይለልዑል ‹ባዶ እጅህን አትዙር› አሏቸው። ከዚያ ሦስታችን ሾፕ አደረግን።» የብሥራት ዓይን በራ። «ለኪስ ሲሆን፣ ሲስተር፣ ዋናው ሳይዝ ነው። ላይት መሆን አለበት። አፈሙዙ አጭር። ሀመሩ፣ ጥይቱን የሚመታው መዶሻ፣ ደግሞ ከውስጥ የተደበቀ፤ ስታወጪው ልብስ አይጠልፍም። በኪስ አፎት ስትከቺው ከውጭ ዋሌት ነው የሚመስለው። እዚያ ኪስ ውስጥ ሌላ ምንም አታስገቢም። ቁልፍ እንኳን...»

«የእህትህ ባል እኮ ነው የሞተው።»

ብሥራት ደነገጠ። ቀኝ ኪሱን ዳበስ አደረገ። ፀደንያ አየችው።

«አሁንም ለቅሶ ቤት ይዘህ ነው የመጣኸው?»

«ላይሰንስ አለኝ።»

«የይገዙን ሽጉጥ ማን መረጠላቸው?» አለች ፀደንያ።

«እሳቸው የፈለጉት ሀመሩ ከውጭ ያለውን ነበር። ሌባ ጣታቸው አይታጠፍም፤ ድሮ የብረት በር ጨፍልቆባቸዋል። ሀመር ያለው ሲሆን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ስበሽ ታዘጋጂዋለሽ፣ ከዚያ ቃታው ይቀላል። የተደበቀው ግን ሁልጊዜ ከባድ ነው። ሱቅ ውስጥ በሁለት እጃቸው ሲታገሉ ሳቅንባቸው። ‹ይለመዳል› ብለን አስገዛናቸው።»

«እሁድ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ቸርች። ኪቦርድ እየተጫወትኩ።»

የሟቹ ልጅ ቤዚ ወጥ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ታጥባለች። ኮሌጅ ናት፤ አማርኛዋ ግማሽ ነው።

«ዳዲ ለማንደይ ራይድ ጠይቆኝ ነበር» አለች፣ ቀና ሳትል። «ቱ ዘ ፖሊስ። ‹የቆየ የመኪና አደጋ ሪፖርት ለማድረግ የት ነው የሚኬደው?› አለኝ። ኢንሹራንስ ነገር መስሎኝ ኢግኖር አደረግኩት።»

«አባትሽ አደጋ ደርሶባቸው ያውቃል?»

«ዳዲ? ኔቨር። ብዙ ጊዜ እንኳን ራሱ አይነዳም፤ ጋሽ ኃይለልዑል ነው የሚያመላልሰው።»

ፀደንያ ወደ ሳሎኑ ተመለሰች። ብርዱ የየካቲት ነው፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ጋቢ ተከናንበዋል። ኃይለልዑል ብቻ ያንኑ ጥቁር ጃኬት ለብሶ ተቀምጧል።

«አይበርድዎትም፣ ጋሽ ኃይለልዑል? ጋቢ የለዎትም?»

«ለእሱ ሰጠሁት» አለ፤ እንባው ወዲያው መጣ። «እናቴ ፈትላ ያሠራችልኝ ነው። እንደታጠፈ ከራሱ ሥር ይሁንለት ብያለሁ። ማንም እንዳይገልጠው። ከኔ ለእሱ የመጨረሻ ትራስ ናት።»

አጠገቡ ያሉት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። «ጓደኛ ማለት ይኼ ነው» አለች አንዷ። ፀደንያም ራሷን ነቀነቀች፤ ዓይኗ ግን ጥቁር ጃኬቱ ላይ ቀረ።

ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጠች። መጀመሪያ ለአንድ ባልደረባዋ ደውላ ስለ መኪና አደጋ ጠየቀች። ቀጥላ ስልኳን ከፈተች። በዚህ አገር ቅዳሴውም አምልኮውም በቀጥታ ይሠራጫል፤ ቪዲዮውም እዚያው ይቀመጣል። የብሥራትን አገኘች። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ኪቦርዱ ላይ ነው። ከዚያ የቅዳሴውን ከፈተች። ወንዶቹ በነጭ ተሰልፈዋል። ዘግይቶ የገባው ኃይለልዑል ከመሃላቸው በጥቁር ጃኬት ቆሟል፤ ጋቢው ተጣጥፎ ብብቱ ሥር ነው። መንገድ ላይ ጋቢውን አጥፎ የሚይዝ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ይለብሰዋል። ይህ ሰው ግን ሊያስቀድስ ሲገባ አውልቋል።

ፀደንያ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አየር ወሰደች። ከዚያ ለአሌክሳንድሪያ ባልደረቦቿ ደውላ ደጅ እንዲቆሙ ጠየቀቻቸው።

ስትመለስ ይርጋለምን በጆሮዋ አነጋገረቻት። ይርጋለም ለነገ የተዘጋጀውን ሻንጣ ከመኝታ ቤት ይዛ ወጣች። ከላይ የባሏ ሱፍ ነው፤ ከሥሩ የታጠፈው ጋቢ። ብሥራት ከበረንዳ፣ ቤዚ ከወጥ ቤት ተጠሩ።

«ቀሲስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ፀደንያ መሃል ቆማ። «ይገዙ ራሳቸውን አልገደሉም።»

ሹክሹክታው ቆመ።

«ይህን ዓይነት ሽጉጥ ባዶ እጁን የተኮሰ ሰው እጅጌው ይጠቁራል። የእሳቸው ነጭ ነበር። ቃታው ከባድ ነው፤ እሳቸው በሁለት እጅ እንኳን አቅቷቸዋል፤ በአንድ እጅ፣ በማይታጠፍ ጣት ሊስቡት አይችሉም። ገዳዩ ጣቱን ቃታው ላይ ለማስቀመጥ ሞክሮ ሳይታጠፍለት ቀርቷል። ሽጉጧ ውስጥ ደግሞ ያረረ የጥጥ ክር አገኘን። ከልብስ ሥር ነው የተተኮሰችው። የይገዙ ነጠላ ግን ደህና ነው። ስለዚህ የሌላ ሰው ልብስ ነው። ብሥራት፣ ሱቁ ውስጥ ጋሽ ኃይለልዑል ሻጩን ምን ብለው ጠየቁት?»

ብሥራት ኃይለልዑልን ዞሮ አየው። «‹ከልብስ ሥር ቢተኮስ ይሠራል ወይ?› አሉት። እኔ ነኝ የተረጎምኩት። ‹ይሠራል፣ የሚጠለፍ ነገር የለውም› አለን።»

«መጠየቅ ወንጀል ነው?» አለ ኃይለልዑል። «ነው ወይስ ጋቢ ለሟች መስጠት ነው ወንጀሉ?»

«አይደለም፣ ወግ ነው። ግን ለሟች ጋቢ የሚሰጠው እንዲለብሰው ነው። እንዳይገለጥ ተብሎ የተሰጠ ጋቢ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እትዬ ይርጋለም፣ ጋቢው አሁን የእርስዎ ነው። ይግለጡት።»

ይርጋለም ወለሉ ላይ ተንበርክካ ገለጠችው። አዲስ የታጠበ ልብስ ሽታ ክፍሉን ሞላው። አንዱን እጥፋት አነሣች፤ ንጹሕ ነው። ሌላውን አነሣች። ከሁሉም ውስጥ የነበረው እጥፋት ሲወጣ አራቱንም ድርብ ያለፈ፣ ዙሪያው ያረረ ቀዳዳ ታየ። ከቀዳዳው ትንሽ ራቅ ብሎ ሁለት ቡናማ የቃጠሎ መስመሮች አሉ። ሳሙናው አላስለቀቃቸውም።

ፀደንያ ከቦርሳዋ ለሥልጠና የሚያገለግል የፕላስቲክ ሽጉጥ አወጣች፤ ልኩ ከገዳይዋ ጋር አንድ ነው። አፈሙዙን ቀዳዳው ላይ አድርጋ ጋቢውን ከላይ አለበሰችው። ሁለቱ መስመሮች ልክ ክፍተቱ ግራና ቀኝ ላይ አረፉ።

«በትልቅ ሽጉጥ ቢሆን መስመሮቹ ከቀዳዳው አንድ ስንዝር ይርቁ ነበር» አለች። «ይህን ያህል የምታጥር ያቺ ለኪስ የተመረጠችው ናት። ‹እስቲ ሽጉጧን ልያት› ብለህ ተቀበልካቸው። አጠገባቸው ተቀምጠህ ጋቢህን ልታጣፋ ይመስል እጅህን አነሣህ። ጋቢውን ሲያጣፋ ከሚያዩት ጓደኛቸው ማን ይሸሻል?»

አንቱታውን እንደተወችው ሁሉም ሰማ።

«ጋቢውን መጣል አልቻልክም። በየእሁዱ ሰው ሁሉ ለብሰኸው አይቷል፤ የእናትህ ጋቢ የት ሄደ ይሉሃል። ስለዚህ ከራሳቸው ሥር ልትቀብረው አሰብክ። ሁላችን አልቅሰን፣ አመስግነንህ፣ ማስረጃህን በገዛ እጃችን አፈር ልናለብስልህ ነበር። ለምን እንደሆነም ቤዚ ነግራኛለች። ይገዙ ሰኞ ፖሊስ ጋ ሄደው የቆየ የመኪና አደጋ ሊናገሩ ነበር። ባለፈው መስከረም ሴቨን ኮርነርስ አጠገብ መንገድ ስታቋርጥ ተገጭታ የሞተች የጽዳት ሠራተኛ አለች፤ የገጫት ጥቁር መኪና ሳይቆም አመለጠ። ይገዙን የምታመላልሳቸው አንተ ነህ፤ ያን ቀንም አንተ ስትነዳ እሳቸው አጠገብህ ነበሩ።»

ቀሲስ ባርናባስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በንስሐ የሰሙትን መናገር አይችሉም።

«ሴትየዋ እንደሆነች ሞታለች!» ኃይለልዑል ከተቀመጠበት ተነሣ። «መናገሩ ይመልሳታል? እኔ ልጆች አሉኝ! ንስሐ ገባሁ ብሎ እኔን ሊያስበላ! አርፎ ቢቀመጥ ምን ነበረበት?»

የሚያጽናኑት ሴቶች ልብሳቸውን ሰብስበው ከአጠገቡ ራቁ። ፀደንያ ብዙ ገዳይ አነጋግራለች፤ እንዲህ ያቅለሸለሻት የለም። የይገዙን ፍርሃት ተጠቅሞ፣ ሱቅ ወስዶ፣ የሚሞትባትን መርጦ ኪሱ ውስጥ አስገባለት፤ ከዚያ ሦስት ቀን አለቀሰለት። በሩን ከፈተች። ባልደረቦቿ ገብተው ወሰዱት።

ይርጋለም ተንበርክካ እንደነበረች ጋቢውን በጣቷ ጫፍ ወደ ፀደንያ ገፋችው።

«ውሰጂልኝ» አለች። «ቤቴ አይደር።» ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንተም ያንን ኪስህ ውስጥ ያለውን ይዘህ ውጣ። መልሰህ ስትመጣ ኪስህ ባዶ ይሁን።»

ብሥራት ኪሱን በእጁ ሸፍኖ ወጣ።

«ቀሲስ?» አለች ይርጋለም።

ቀሲስ ባርናባስ ቀድመው ተነሥተዋል። መጽሐፉን ገለጡ፤ የይገዙን የክርስትና ስም ጠሩ። ያኔ ይርጋለም ከእሁድ ጀምሮ አፍና የያዘችውን ጩኸት ለቀቀችው። ጎረቤት ይስማ አይስማ ሳትል፣ ደረቷን እየመታች «ይገዙዬ!» አለች። ሴቶቹ ተከተሏት፤ ቤዚም የእናቷን አንገት አቅፋ አለቀሰች። ፀደንያ ጋቢውን በማስረጃ ከረጢት ይዛ ደረጃውን ስትወርድ ለቅሶው እስከ ታች ይሰማ ነበር።