ጋሽ ለገሰ ጓንዡ ላይ ቀሩ
«ይግቡ እንጂ ጋሼ!»

«ኧረ በሞቴ! አንቺ ቅደሚ።»

ስሂን አጎቷን ደግማ ልትለምን ስትል ሕዝቡ ከኋላ ገፍቶ ባቡሩ ውስጥ ከተታት። በሩ ተዘጋ። ጋሽ ለገሰ ከመስታወቱ ወዲያ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

ወይ ጨዋነት! አሜሪካ፣ እሳቸው የሚኖሩባት ዊተን ቢሆን ኖሮ ምንም አልነበር። ይህቺ ግን የደቡብ ቻይናዋ ወደብ ጓንዡ ናት፤ ፎቁ ደመና ውስጥ የሚገባ፣ የገበያዋ ሕንጻ ተዙሮ የማያልቅ፣ ለየአገሩ ልብስና ጫማ በመርከብ የምትጭን ከተማ። ስሂን እዚያው አሜሪካ ላለው የአሌክሳንድሪያ ሱቋ የሙሽራ ካባ ጨርቅ ልትገዛ ስትመጣ «አገር ላሳይዎት» ብላ ጎትታ ያመጣቻቸው እሷው ናት።

ጋሽ ለገሰ ጠዋት የስኳር መርፌያቸውን ተወግተዋል፤ እህል ግን አልቀመሱም። ዳቦውም ስልካቸውም እሷ ቦርሳ ውስጥ ነው። ቶሎ ካልበሉ ራሳቸውን ይስታሉ፤ ሊሞቱም ይችላሉ።

በሚቀጥለው ጣቢያ ወርዳ ጠበቀች። አልመጡም። ይባስ ብሎ ከተማዋን ድንገት የመታው አውሎ ነፋስ ያመጣው ጎርፍ ባቡሩን አስቆመው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለው ባሏ ደወለች።

«ፖሊስ ፈልጊና ኤክስፕሌን አድርጊላቸው!»

«በምን ቋንቋ?»

«እንግዲህ እኔ ከዚህ ሆኜ ምን ላድርግ፣ ስሂንዬ?»

ወደ መጀመሪያው ጣቢያ በእግሯ ለመመለስ ወጣች። ነፋሱ አንስቶ ከአጥር አላተማት። የሱቅ ታፔላ እየተገነጠለ በራሷ ላይ በረረ። የዕንቁ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ውጦታል፤ ውሃው ጉልበቷን አልፎ ወገቧ ደረሰ። ከቦይ የወጡ አይጦች ቀሚሷን ሲቧጥጡ ጮኸች፤ ማን ይስማት! ሰው የሚያሻግር የጭነት መኪና ቆመ። ልትወጣ ስትንጠላጠል ሁለት ጎረምሶች ገፍትረዋት ቀድመው ወጡ። ወደቀች። ቦርሳዋን ጎርፍ ወሰደው።

«እመቤቴ፣ ባዶ እጄን ምን ልሁን!» አለችና እንደ ሕፃን አለቀሰች። እያለቀሰችም ሄደች።

ጣቢያው ደረጃ ላይ ጋሽ ለገሰ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ላብ አጥምቋቸዋል። አንዲት ሾርባ ሻጭ ባልቴት አጠገባቸው ተንበርክካ ስኳር የገባበት የባቄላ ሾርባ በማንኪያ ታጎርሳቸዋለች።

ስሂን እግራቸው ሥር ተዘረረች። ፈዘው አዩዋት፣ ቆይተው ለዩዋት።

«ስሂን፣» አሉ በደከመ ድምፅ፤ «በልተሻል?»

ሰው ሁሉ ትእዛዟን የሚሰማላት ሴት «አይ» ብላ ራሷን ነቅንቃ አለቀሰች። ባልቴቷ እንባዋን አየች፤ ማንኪያውን ሞላችና ወደ እሷ ዘረጋች። ስሂንም አፏን ከፈተች።